ኮንቴይነር ገዝቶ ለማቆም ስንት ይፈጃል?

በቃሊቲና በአካባቢው ተደርድረው ከሚታዩት ኮንቴይነሮች የአንዱን ዋጋ ቢጠይቁ፣ ሻጩ ወይም ደላላው ሳያመነታ አንድ ቁጥር ይነግርዎታል። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የሣጥኑ ዋጋ ብቻ ነው፤ ግቢዎ ውስጥ ተስተካክሎ ቆሞ፣ በሩ በወጉ ተዘግቶ፣ መብራት ገብቶለት አገልግሎት የሚሰጥ ኮንቴይነር ዋጋ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ የሚያሰላ ገዢ ጥቂት ነው።

አንድ ወዳጄ ቤት ሲሠራ ለሲሚንቶና ለፌሮ ማስቀመጫ እንዲሆነው ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ገዛ። ዋጋው ከባለ 20ው ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ስላገኘው ደስ ብሎት ነበር። ማታ ተሳቢው ሰፈሩ ሲደርስ ግን የቅያሱን ጥግ መዞር አቃተው። ክሬኑ ከዋናው መንገድ ላይ ሆኖ እንዳያነሳ ደግሞ የመብራት መስመር ከላይ ተዘርግቷል። ኮንቴይነሩ ሳይወርድ ተመለሰ። ወዳጄ የሁለት ጉዞ የመኪና ኪራይ፣ ምንም ያላነሳ ክሬን እና የጫኝና አውራጅ ከፍሎ በመጨረሻ በኪሳራ በባለ 20 ለወጠው። የገዛበትን ዋጋ ዛሬም በቃሉ ይናገራል፤ በድምሩ ምን ያህል እንዳወጣ ሲጠየቅ ግን ወሬ ይቀይራል።

ይህ ጽሑፍ ዋጋውን በብር ቆርጦ አይነግርም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብረት ነክ የሆነ ነገር ሁሉ ዋጋው ሲቀያየር ኖሯል፤ ዛሬ የታተመ ቁጥር ለሚቀጥለው ወር ገዢ ወጥመድ ነው። ልኬቱ፣ ክብደቱና የሥራው መጠን ግን አይቀየሩም። እነዚህን የያዘ ሰው በዕለቱ የገበያ ዋጋ አባዝቶ የራሱን ሒሳብ ማውጣት ይችላል።

የትኛው "ኮንቴይነር"?

በአዲስ አበባ "ኮንቴይነር" የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መጠሪያ ነው። አንደኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣው የመርከብ ሣጥን ሲሆን፣ ሁለተኛው እዚሁ ብየዳ ቤት ከላሜራና ከአርኤችኤስ የተሠራ የሱቅ ሣጥን ነው። የአገር ውስጡ ለጁስ ቤት፣ ለሞባይል ጥገና ወይም ለትንሽ ሱቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሚፈለገው ልክ ይሠራል፣ ይቀላል፣ ለማንሳትም አያስቸግርም። በመርከብ ሣጥን ዋጋ ከተሸጠልዎ ግን ተታለዋል።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የመርከብ ኮንቴይነር በስምንቱም ጥጎቹ ላይ ሞላላ ቀዳዳ ያላቸው ወፋፍራም የብረት ማዕዘኖች አሉት። ክሬን የሚይዘውም መኪና ላይ የሚቆለፈውም በእነዚህ ነው። በሩ ላይ አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር ይጻፍበታል። እዚያው በሩ ላይ የተመታ የብረት ሰሌዳ ደግሞ የተመረተበትን ጊዜና ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ይናገራል። ይህ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የኮንቴይነሮች ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠይቀው ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥርና በቀለም የተጻፈው የተለያዩ ሆነው ካገኟቸው ምክንያቱን ሳይሰሙ ገንዘብ አይክፈሉ።

ባለ 20 ጫማው ከውጭ ሲለካ 6.06 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ሜትር ስፋትና 2.59 ሜትር ቁመት አለው። የውስጥ ወለሉ ወደ 14 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ባዶውን ከ2.2 እስከ 2.4 ቶን ይመዝናል። ባለ 40ው 12.19 ሜትር ይረዝማል፣ 28 ካሬ ሜትር ገደማ ወለል ይሰጣል፣ ባዶ ክብደቱም ወደ 4 ቶን ይጠጋል። "ሃይ ኪዩብ" የሚባለው ቁመቱ 2.90 ሜትር ነው። ለመጋዘን ብዙም ልዩነት የለውም፤ ጣሪያና ወለል አልብሰው ሰው ሊያስገቡበት ካሰቡ ግን ያቺ 30 ሴንቲ ሜትር ገንዘብ ታወጣለች። የመደበኛው የውስጥ ቁመት 2.39 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከተሸፈነ በኋላ ረጅም ሰው እጁን ሲያነሳ ጣሪያውን ይነካል።

የመርከብ ድርጅቶች አንድን ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ተጠቅመውበት ይሸጡታል። በንግዱ ዓለም ያገለገለ ኮንቴይነር ደረጃ አለው፦ አንድ ጉዞ ብቻ የሠራ፣ ለባሕር ጭነት አሁንም ብቁ የሆነ፣ ነፋስና ውሃ የማያስገባ፣ በመጨረሻም ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ። ለመጋዘንና ለቢሮ ሦስተኛው ደረጃ በቂ ነው። ለባሕር ብቁ ለሆነው ተጨማሪ መክፈል ዕቃ መልሰው ሊልኩበት ካላሰቡ ትርጉም የለውም።

ፍተሻው ባለሙያ አይጠይቅም። በቀትር ፀሐይ ወደ ውስጥ ገብተው ሰው ከውጭ በሩን እንዲዘጋልዎ ያድርጉና ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይቁሙ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በክረምት ውሃ ያስገባል። ከዚያ ወጥተው ይንበርከኩና ከሥር ይመልከቱ። ወለሉ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖርሳቶ ሲሆን የተሸከሙት የብረት አግዳሚዎች ናቸው። ዝገት ብዙ ወጪ የሚያስከትለው እዚያ ነው፤ ሻጭም ቀለም የማይቀባው እዚያን ነው። የግድግዳው ብረት "ኮርተን" የሚባል ዓይነት ስለሆነ ከላይ የሚታየው ቀይ ዝገት በቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እኔ በግሌ ከዛገው ይልቅ ትናንት የተቀባው አሮጌ ኮንቴይነር ያስጠረጥረኛል።

ወለሉ ምስጥና ነፍሳት እንዳይበሉት በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ነው። የመድኃኒቱ ዓይነት በሰሌዳው ላይ ይመዘገባል። ቀደም ሲል ምን እንደተጫነበት ደግሞ ማንም አይነግርዎትም። ስለዚህ እህል ሊያስቀምጡበት ወይም ሰው ሊያድርበት ከሆነ ወለሉን መሸፈኛ ወይም መቀየሪያ ከወዲሁ በሒሳብዎ ያስገቡ። ጠንካራ የኬሚካል ሽታ ያለው ከሆነ በርካሽም ቢሆን ይተዉት።

የወረቀቱ ጉዳይ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ወደብ አልባ ናት፤ አብዛኛው የገቢ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ይመጣል። ዕቃው የአስመጪው ነው። ሣጥኑ ግን በአብዛኛው የመርከብ ድርጅቱ ወይም ለድርጅቱ ያከራየው ኩባንያ ንብረት ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም አስመጪው መጋዘን ደርሶ ከተራገፈ በኋላ ባዶው በተወሰነ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ክፍያው በየቀኑ ይቆጥራል። ጉምሩክም ጭነት ይዞ የመጣን ኮንቴይነር የሚያየው ተመልሶ እንደሚወጣ ጊዜያዊ ገቢ እንጂ ቀረጥ እንደተከፈለበት ዕቃ አይደለም።

በዚህም ምክንያት በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ኮንቴይነሮች አንደኛው ቀረጥ ተከፍሎበት በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ፣ ሌላኛው ባለቤቱ የሚፈልገው ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ሻጩ "ዲክላራሲዮን አለው" ብሎ ወረቀት ያወጣል፤ ገዢውም የኮንቴይነሩን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ይረካል። ነገር ግን የማንኛውም ጭነት ዲክላራሲዮን ዕቃው የመጣበትን ኮንቴይነር ቁጥር ይይዛል። ያ ማለት ለጎማው፣ ለሴራሚኩ ወይም ለልብሱ ቀረጥ ተከፍሏል ማለት እንጂ ለሣጥኑ ተከፍሏል ማለት አይደለም። መታየት ያለበት የዕቃው መግለጫ ነው። ኮንቴይነር በዓለም አቀፉ የታሪፍ ምደባ የራሱ አንቀጽ አለው፤ ቁጥሩ 86.09 ነው። ዲክላራሲዮኑ ይህንን ካልያዘ የያዙት የሌላ ዕቃ ወረቀት ነው።

ከዲክላራሲዮኑ ጋር ሣጥኑ የማን እንደነበርና ለማን እንደተሸጠ የሚያሳይ የሽያጭ ሰነድ፣ እንዲሁም የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ይጠይቁ። በጉምሩክ ሐራጅ የተገዛ ከሆነ የሐራጁ ሰነድ ዋናው ማስረጃ ነው። ለድርጅት የሚገዛ ሰው ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ በግብር ሰዓት እንደ ወጪ እንደማይያዝለት ሳያውቅ አይቀርም፤ "ያለ ደረሰኝ ይቀንሳል" የሚለው ቅናሽ እዚያ ይጠፋል።

ከውጭ በቀጥታ ለማስመጣት ለሚያስብ ደግሞ ቀረጡ የሚሰላው በሣጥኑ መግዣ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የመድን ዋስትናው ተደምሮበት መሆኑን ማወቅ ይገባል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበውም ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። ከአሜሪካ ጠቅልለው የሚመለሱ አንዳንድ ወገኖች ዕቃቸውን ለመላክ ሣጥኑን ራሱን እዚያው ገዝተው ያመጡታል። የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ስላልሆነ ባዶውን የመመለስ ጣጣ የለበትም፤ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ሆኖም ለቤት ዕቃ የተፈቀደ የቀረጥ መብት ሣጥኑንም ይሸፍናል ብለው ከመገመትዎ በፊት ገና ሳይጫን ትራንዚተርዎን ያነጋግሩ።

የሣጥኑ ዋጋ

ከዓለም ኮንቴይነሮች ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ የሚመረቱት ቻይና ነው። በአሜሪካ ገበያ ያገለገለ ባለ 20 ጫማ እንደ ደረጃውና እንደ ወደቡ ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ገደማ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮሮና ባስከተለው የመርከብ ትርምስ ወቅት አዲስ ባለ 20 ከፋብሪካ ሲወጣ ከ3,500 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ወርዷል። በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ተጀምሮ መርከቦች አፍሪካን መዞር ሲጀምሩ የኮንቴይነር ፍላጎት እንደገና ጨመረ። እኛ ጋ ዋጋውን የሚወስነው ግን አገር ውስጥ እንዲሸጥ የተለቀቀው ሣጥን ብዛትና የምንዛሪው ነገር ነው። ሁለት ቶን ብረት ያለው ሣጥን ከቁራሌ ብረት ዋጋ በታች አይወርድም፤ እጅግ የረከሰ ካገኙ ወደ ወረቀቱ ይመለሱ።

ማጓጓዝና ማውረድ

ባለ 40ው ከባለ 20ው እጥፍ ዋጋ ስለማያወጣ በካሬ ሲሰላ ሁልጊዜ የረከሰ ይመስላል። ሒሳቡ የሚገለበጠው መንገድ ላይ ነው። ባለ 20ውን ተለቅ ያለ የጭነት መኪና ይሸከመዋል፤ ባለ 40ው ተሳቢ ይፈልጋል፣ ተሳቢውም መዞሪያ ይፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት ከዋናው መንገድ እስከ ግቢዎ ያለውን በሜትር ይለኩ፦ የቅያሱን ስፋት፣ የጥጉን መዞሪያ፣ የበርዎን ስፋት፣ ከሁሉም በላይ የመብራትና የስልክ ሽቦውን ከፍታ። አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ መኪና የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ ሥራው ብዙ ጊዜ ማታ ነው። በማታ ደግሞ ሽቦ አይታይም።

ክሬን ሲከራዩ "ስንት ቶን ያነሳል?" ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የክሬን አቅም ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር ይቀንሳል። አጠገቡ ያለውን አሥር ቶን የሚያነሳ ክሬን አጥር አሻግሮ አሥር ሜትር ላይ ሁለት ቶን ተኩል ላያነሳ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው፣ ከመኪናው መቆሚያ እስከ ኮንቴይነሩ ማረፊያ ስንት ሜትር ነው፣ በዚያ ርቀት ስንት ቶን ይችላል የሚለው ነው። ክፍያው የሚታሰበው በሰዓት ይሁን በሥራ አስቀድመው ይስማሙ፤ ማረፊያው ሳይዘጋጅ የመጣ ክሬን በሰዓት ይቆጥራል።

መሬቱ

የመርከብ ኮንቴይነር ሸክሙን ወደ መሬት የሚያወርደው በአራቱ የታች ማዕዘኖች ነው። ስለዚህ ሙሉ የአርማታ ወለል አያስፈልገውም። አራት የአርማታ መሠረቶች ይበቁታል። እያንዳንዱ 60 በ60 ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ለአራቱ 0.72 ሜትር ኩብ አርማታ ይሆናል፤ ብዙ አይደለም።

ዋናው ነገር ከአርማታው ሥር ያለው አፈር ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ 200 ኩንታል ሲሚንቶ ያስቀምጣሉ እንበል፤ 20 ቶን ነው። የሣጥኑ ክብደት ሲጨመር ከ22 ቶን ይበልጣል፣ ለእያንዳንዱ ማዕዘን 5.6 ቶን ገደማ ይደርሰዋል። ይህ በ60 በ60 መሠረት ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር ከ15 ቶን በላይ ነው። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ በስፋት የሚገኘው መረሬ አፈር ክረምት ሲርስ ይህንን አይሸከምም፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይሸሻል። ባዶው ኮንቴይነር ምንም ሳይሆን ከርሞ ዕቃ በገባበት ክረምት አንድ ጥግ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። መረሬውን ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት መሙላትና መጠቅጠቅ፣ መሠረቱንም ማስፋት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከአርማታው ራሱ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል።

አንድ ጥግ መስጠሙን መጀመሪያ የሚናገረው በሩ ነው። የሣጥኑ ቅርጽ በጥቂቱ ሲጣመም የበሩ ዘንጎች አልቆለፍ ይላሉ። ሰው በሩ ተበላሽቷል ብሎ በያጅ ይጠራል፤ በሩ ግን ደኅና ነው። ስታወርዱ በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ከሥር አየር እንዲዘዋወር ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

መቁረጥና ማልበስ

ለመጋዘን ብቻ ከሆነ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቀለም ነው። የባለ 20ው ግድግዳና ጣሪያ በውጭ 59 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግድግዳው ሽንሽን ስለሆነ ለ70 ካሬ ሜትር የሚበቃ አንቲረስትና ቀለም ያስቡ።

ሱቅ ወይም ቢሮ ከሆነ ግን ግድግዳ መቁረጥ ይመጣል። ያ ሽንሽን ላሜራ መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን ሣጥኑ እንዳይጣመም የያዘው እሱ ነው፤ በተቆረጠ ቁጥር በዙሪያው የብረት ክፈፍ ይገባል። 90 በ210 የሆነ አንድ በር 6 ሜትር አርኤችኤስ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቁራጭ ይጨርሳል። 120 በ100 መስኮት 4.4 ሜትር ይፈልጋል። ለካፌ ተብሎ የጎኑ ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ ሲከፈት ነገሩ የበያጅ ሳይሆን የመሐንዲስ ይሆናል፤ ከላይ የሚሸከም ወራጅ ካልገባ ጣሪያው መሐሉ ላይ ይጎብጣል። ጣሪያው ላይ ሮቶ ማስቀመጥም የተለመደ ስሕተት ነው። የኮንቴይነር ጣሪያ የሚፈተነው 60 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 300 ኪሎ ተጭኖበት ነው፤ ሰው እንዲራመድበት ማለት ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ከአንድ ቶን ይበልጣል። የግድ ከሆነ በማዕዘኖቹ ላይ ያረፈ አግዳሚ ብረት ያሠሩለት።

የአዲስ አበባ ችግር ከሙቀቱ ይልቅ ወዙ ነው። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ውስጥ ያለው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ሲሚንቶና ወረቀት የሚበላሸው በዚህ ነው። ሁለት ትይዩ የአየር መተላለፊያ ማውጣት ትንሽ ወጪ ነው፤ ብዙ ያድናል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ከሆነ ግን ሙቀቱ ራሱ ይቀድማል። ሦስቱ ግድግዳና ጣሪያ በውስጥ ሲለበሱ ለባለ 20 ወደ 48 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነጩ ፎም ርካሽ ቢሆንም በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው፤ በጂፕሰም ሳይሸፈን አይተው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ከላዩ አየር በሚያሳልፍ ከፍታ የቆርቆሮ ጥላ አሠራለት ነበር። ፀሐዩንም ዝናቡንም ያስቀራል።

መብራት ሲገባ ሣጥኑ ራሱ በመሬት መስመር መያያዝ አለበት። አንድ የተላጠ ሽቦ ሲነካው መላ ግድግዳው ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ሰው የሚያድርበት ወይም የሚውልበት ከሆነ ሌላ ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም ይረሳሉ። የኮንቴይነር በር የሚቆለፈው ከውጭ ብቻ ስለሆነ ከውስጥ የሚከፈት በር የግድ ይውጣ። ከሰል ደግሞ ፈጽሞ አይግባ። የበሩ ጎማ ለባሕር ተብሎ የተሠራ ነው፤ አየር አያሳልፍም። ብርድ ያስቸገረው ዘበኛ ምድጃውን ይዞ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ጭስ የሌለው፣ ሽታ የሌለው ጋዝ በእንቅልፉ ይገድለዋል። በዚህ ጉዳይ "ነግሬዋለሁ" ማለት አይበቃም። ብርድ ልብስና የአየር መተላለፊያ ይጨመር።

የማቆም መብት

"ኮንቴይነር ተንቀሳቃሽ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም" የሚለውን ከደላላ እንጂ ከወረዳ አልሰማሁትም። በራስዎ ይዞታ ላይም ቢሆን ከማውረድዎ በፊት የክፍለ ከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። የመንገድ ዳር ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከመንገድ ዳር የተነሱ ሱቆችን ያየ ሰው ቦታው ምን ያህል ጊዜያዊ እንደሆነ አይጠፋውም።

ሣጥኑ ተንቀሳቃሽ ነው ቢባልም ሲንቀሳቀስ ክሬኑ፣ መኪናውና መሠረቱ እንደገና ይከፈላሉ። ግድግዳው የተከፈተና ጂፕሰም የለበሰ ኮንቴይነር ደግሞ ሲነሳ ውስጡ ይሰነጠቃል። በኪራይ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ የመነሻውንም ወጪ ከአሁኑ ይደምሩ፤ በኪራይ ውሉም ላይ ለመነሳት ስንት ወር እንደሚሰጥዎ ይጻፍ።

የሽያጩ ውል የኮንቴይነሩን ሙሉ ቁጥር፣ የዲክላራሲዮኑን ቁጥርና ቀን፣ ማጓጓዣና ክሬን በማን እንደሆነ፣ ከሌላ ባለቤት ጥያቄ ቢመጣ ሻጩ ተጠያቂ መሆኑን ይያዝ። የክፍያውንም የተወሰነ ክፍል ያስቀሩ፤ ሣጥኑ መሬት ላይ አርፎ፣ ሁለቱም በሮች በአንድ ሰው እጅ ተከፍተው ሲዘጉ ይስጡ።